ለአንዲት አጭር ማሚቶ ይህን ያህል ብር?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ የሙዚቃ አምድ ጊታር ለሚማሩ ወጣቶች በቀረበው ምክር ውስጥ፣ የሮካቢሊ ድምፅ የሚፈልግ ተጫዋች ድምፅን ቢያንስ እስከ አንድ ሰከንድ ድረስ ማዘግየት የሚችል ዲሌይ የሚባል በእግር የሚረገጥ ፔዳል እንዲገዛ፣ አቅሙ ከፈቀደም በቴፕ ክር ማሚቶ የሚፈጥር ጥንታዊ የቴፕ ኢኮ መሣሪያ ከውጭ እንዲያስመጣ የሚያሳስበውን ክፍል አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ የድምፅ መሣሪያ በመጠገን የምተዳደር፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በሆቴል መድረክ ላይ ጊታር የምጫወት ሰው ነኝ። ያ ምክር ከወጣ ወዲህ ሱቄ እየመጡ የባለ አንድ ሰከንዱን ፔዳል ዋጋ የሚጠይቁኝ፣ ዋጋውን ሲሰሙም አንገታቸውን ደፍተው የሚመለሱ ልጆች አሉ። የአምዱ ጸሐፊ ለሙዚቃው ያላቸውን ፍቅር አከብራለሁ፤ ነገር ግን ለዚህ አጨዋወት የሚፈለገው የማሚቶ ዓይነት እሳቸው ከጻፉት ጋር አይገናኝም፣ ለእሱ የሚበቃው ፔዳልም በገበያው ላይ ካሉት ሁሉ ርካሹ ሊሆን ይችላል።

ሮካቢሊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ደቡብ፣ የነጮቹ የገጠር ዘፈንና የጥቁሮቹ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ተቀላቅለው የወለዱት ጨዋታ ነው። ማሚቶው ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚጠቀሰው ሳም ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1950 በሜምፊስ ከተማ የከፈተው አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። ፊሊፕስ የተጠቀመበት ዘዴ ረቂቅ አልነበረም። ሁለት የአምፔክስ ቴፕ መቅጃዎችን አገናኝቶ፣ ወደ አንደኛው የሚገባውን ድምፅ በሁለተኛው ክር ላይም ይቀዳዋል፤ በሁለተኛው ማሽን መቅጃ ሄድና ማጫወቻ ሄድ (ክሩ እየተነካካ በሚያልፍባቸው ክፍሎች) መካከል ጥቂት ርቀት ስላለ ድምፁ ከማጫወቻው የሚወጣው ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ይህን የዘገየ ቅጂ መልሶ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል። ክሩ በሰከንድ 15 ኢንች የሚሮጥ ቢሆንና በሁለቱ ሄዶች መካከል ያለው ርቀት 2 ኢንች ቢሆን፣ 2 ለ15 ሲካፈል 0.133 ሰከንድ ወይም 133 ሚሊሰከንድ ይመጣል። ሙዚቀኞች ስላፕባክ የሚሉት ይህንኑ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ የምትመለስ፣ በጣም አጭር፣ ከዋናው ድምፅ እምብዛም ያልራቀች ማሚቶ። ሁለተኛና ሦስተኛ ድግግሞሽ የላትም።

ይህች ማሚቶ ለጌጥ ብቻ የገባች አይደለችም። ኤልቪስ ፕሪስሊ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1954 በዚያ ስቱዲዮ የመጀመሪያውን ለገበያ የወጣ ሸክላውን ሲቀዳ አብረውት የነበሩት ጊታሪስቱ ስኮቲ ሙርና ባለ ቤዙ ቢል ብላክ ብቻ ነበሩ፤ ድራመር አልነበራቸውም። ቢል ብላክ የትልቁን ቤዝ ክር ከእንጨቱ ጋር እያጋጨ ሲመታ፣ ከእያንዳንዱ ምት ኋላ የምትከተለው ማሚቶ የጎደለውን ከበሮ በከፊል ትሞላ ነበር። ስኮቲ ሙር ይህንኑ ድምፅ ወደ መድረክ ለማምጣት፣ ሬይ በትስ የተባለ ባለሙያ የሠራውንና የቴፕ ኢኮ በውስጡ የተገጠመለትን ኢኮሶኒክ የተባለ አምፕሊፋየር እ.ኤ.አ. በ1955 ገዝቷል። እዚህ በከተማችን ሆቴሎች ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ድራም የሚያቆሙበት ቦታም የሚከፍሉበት በጀትም የለም። ስለዚህ ስላፕባክ ለኛ መድረክ ከማንም በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልመለስ። ለሮካቢሊ የሚሆነው መዘግየት በጥቅሉ ከ80 እስከ 140 ሚሊሰከንድ ባለው ውስጥ ይገኛል፤ ከዚህ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ የሚያደርጉም አሉ። መጠኑን በጆሮ መገመት ለሚፈልግ፣ በሐረር ከጀጎል ግንብ ፊት ለፊት ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ያጨበጨበ ሰው ጭብጨባው ግንቡን ነክቶ የሚመለስለት ከ115 እስከ 120 ሚሊሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው። በደቂቃ 180 ምት በሚሮጥ ፈጣን ጨዋታ ላይ አንድ ምት 333 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ፣ 111 ሚሊሰከንድ ልክ የምቱ ሲሶ ላይ ያርፋል፤ ያ እየተንገጫገጨ የሚሄድ ስሜት የሚመጣውም ከዚህ ነው። በአምዱ የተመከረው አንድ ሰከንድ ግን በዚሁ ፍጥነት ሦስት ሙሉ ምት ዘግይቶ ይመጣል። እስከዚያ ጊታሪስቱ ሌላ ሐረግ ጀምሯል፣ ምናልባትም ኮርዱ ተቀይሯል፤ ተመልሶ የሚመጣው ድምፅ ደግሞ ከአዲሱ ጋር ይጣላል። እርግጥ ፔዳሉ አንድ ሰከንድ መድረስ ስለቻለ ብቻ አንድ ሰከንድ ላይ አድርጎ መጫወት ግዴታ አይደለም ይባል ይሆናል። ልክ ነው፤ ነገር ግን ገዢው የሚከፍለው ለዚያ ለማይነካው ርዝመት ነው።

የቴፕ ኢኮ መሣሪያን በተመለከተ ብዙ አልልም። ድምፁ ውብ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ሮካቢሊን በኋላኛው ዘመን እንደገና ያስነሣው ብራያን ሴትዘርም በሮላንድ የቴፕ ኢኮ ሲጫወት ይታያል። ሆኖም እነዚህ ማሽኖች ክራቸው በየጊዜው መቀየር፣ ሄዳቸው መጠረግ፣ ክሩን የሚስበው ጎማም መታደስ አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት ጎማው ይደርቃል፣ አቧራው ሄዱ ላይ ይጋገራል፣ የሚተካ ክር ደግሞ እዚህ ሱቅ ገብቼ አገኘዋለሁ ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። በዚያ ላይ ከአሜሪካ ወይም ከጃፓን የመጣው ማሽን በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ቢሰካ ያበቃለታል፤ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ሰብሳቢ ቢገዛው ቅር አይለኝም፤ ቅዳሜ ማታ ጨዋታ ላለበት ልጅ ግን አልመክርም።

ዋናው ነገር ያለው የርካሾቹ ፔዳሎች ሆድ ውስጥ ነው። አናሎግ ዲሌይ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1969 በኔዘርላንዱ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ በፊሊፕስ የተፈለሰፈውን፣ የድምፁን ኤሌክትሪክ ከአንዱ ትንሽ ማጠራቀሚያ ወደ ቀጣዩ በቅብብል የሚያሳልፍ ቺፕ ይጠቀማሉ። ድምፁ ረጅም ጊዜ እንዲዘገይ ከተፈለገ ቅብብሉን በምት የሚያዘው ሰዓት (ክሎክ) መዘግየት አለበት፤ ሰዓቱ በዘገየ ቁጥር ማሚቶው ይደፈርሳል፣ እሽ የሚል ድምፅም ይጨምራል። መዘግየቱ ሲያጥር ደግሞ ሰዓቱ ይፈጥናል፣ ማሚቶውም ይጠራል። ከቻይና የሚመጡት በጣም ርካሽ ፔዳሎች አብዛኞቹ በውስጣቸው ያለው ፒቲ 2399 የተባለ ቺፕ ነው፤ ስሙ ምንም ይሁን ምን አሠራሩ ዲጂታል ነው፣ በመጀመሪያም የታሰበው ለካራኦኬ ማይክ ነበር። በየሰርጉ የዘፋኙን ድምፅ የሚያስተጋቡት ርካሽ ሚክሰሮችም ብዙ ጊዜ ይህንኑ ቺፕ ይዘዋል፣ ስለዚህ ሳናውቀው ስንሰማው የኖርነው ድምፅ ነው። የዚህም ቺፕ ጠባይ ያው ነው፦ ከ300 ሚሊሰከንድ በላይ ሲጎተት ይሻክራል፣ በአጭሩ ሲሠራ ግን ንጹሕ ነው። እንግዲህ ርካሽ ፔዳል የሚታማበት ጉድለት ሁሉ የሚታየው በረጅሙ መዘግየት ላይ ነው። የሮካቢሊ ተጫዋች ደግሞ እዚያ አይደርስም። ትንሽ የቀረው ድፍርስነት እንኳ አይጎዳውም፤ የድሮው ቴፕም ቀጭኑን የድምፅ ክፍል በጥቂቱ ይበላ ስለነበር ማሚቶዋ ከዋናው ድምፅ ኋላ ለስለስ ብላ ትቀመጣለች።

ስም እየጠራሁ ልናገር። ከርካሾቹ ውስጥ ቤሪንገር ቪዲ400 እስከ 300 ሚሊሰከንድ የሚሄድ አናሎግ ሲሆን፣ ሦስት ማዞሪያ ብቻ አለው፤ ሳጥኑ ፕላስቲክ ስለሆነ ረጋ ብሎ ለሚረግጥ ሰው ነው የሚሆነው፣ ለስላፕባክ ግን ምንም አይጎድለውም። ዶነር የሎው ፎል የምትባለው ትንሿ ቢጫ ፔዳል ከ20 እስከ 620 ሚሊሰከንድ ትሄዳለች፤ የብረት ሳጥን አላት፣ ባትሪ ግን አትቀበልም፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ አብራ ትጠፋለች። እነዚህ ሁለቱ ውጭ አገር ከ30 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ይሸጣሉ። ጥቂት ተጨማሪ ያለው ሰው አሮጌ ቦስ ዲዲ-3 ቢያገኝ አያሳልፈው፤ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ዲጂታል ፔዳል በመሆኑ ያገለገለ በየቦታው ይገኛል፣ ከመዘግየት ደረጃዎቹ አንዱ ከ50 እስከ 200 ሚሊሰከንድ የሚሄድ ስለሆነ ደግሞ ማዞሪያው በሙሉ ለኛ ፍላጎት የተሠራ ይመስላል። ጉድለቱ ማሚቶው ከመጠን በላይ ጥርት ማለቱ ነው፤ ሁለት ጊታር አብረው የሚጫወቱ እስኪመስል ድረስ። ይህን የማሚቶውን መጠን ትንሽ ዝቅ በማድረግ ማለዘብ ይቻላል። ኤምኤክስአር ካርበን ኮፒ ከሁሉም የሚያምር ድምፅ አለው ብል አላጋነንሁም፤ 600 ሚሊሰከንድ ድረስ ይሄዳል፤ ነገር ግን ዋጋው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ የሮካቢሊ ተጫዋች ደግሞ ከዚያ ርዝመት የሚጠቀመው ሩቡን እንኳ አይሆንም።

በእግር እየመቱ ፍጥነቱን የሚያስተካክሉበት ታፕ ቴምፖ፣ የተጫወቱትን እየደጋገመ የሚያጫውተው ሉፐር፣ ሁለት መውጫ ያለው ስቴሪዮ፣ አሥራ አንድ ዓይነት የማሚቶ ምርጫ፤ ይህ ሁሉ ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ ነው። ሦስት ማዞሪያ ይበቃል። ጊዜውን ለመወሰን አንድ፣ ድግግሞሹን ለመወሰን አንድ፣ የማሚቶውን መጠን ለመወሰን አንድ። ድግግሞሹ እስከ መጨረሻው ዝቅ ሲል አንዲት ማሚቶ ብቻ መቅረት አለባት፤ መጠኑ ደግሞ ከዋናው ድምፅ ትንሽ ዝቅ እስኪል ድረስ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጀማሪዎች ፈርተው ከሚያደርጉት በላይ። አምፕሊፋየሩ ላይ ሪቨርብ (ድምፁን እንደ ትልቅ አዳራሽ የሚያስተጋባው) ካለ ይጠፋ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አጭሯ ማሚቶ ትዋጣለች።

ገንዘብ ለሌለው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት የሆቴሉን ሚክሰር ይመልከት። ብዙዎቹ ኢኮ የተገጠመላቸው ናቸው፣ አንዳንዶቹም ጊዜውን ለማሳጠር ይፈቅዳሉ። ጊታሩ በማይክ በኩል ወደ ሚክሰሩ ከገባ የጊታሩን መስመር ብቻ ወደ ኢኮው መላክ ይቻላል። ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰው ካልተስማማ ግን ይህ መንገድ ዝግ ነው፤ እንደሚታወቀው ሁሌም አይስማማም።

ከፔዳሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ጉዳይ ኃይል ሰጪው አዳፕተር ነው። የጊታር ፔዳሎች አብዛኞቹ 9 ቮልት ይፈልጋሉ፣ የመሰኪያው መካከለኛ ቀዳዳም ኔጌቲቭ ነው። በየሱቁ በርካሽ የሚገኘው የራውተር አዳፕተር በመልኩ ፍጹም ተመሳሳይ ነው፤ መሰኪያው ይገባል፣ ጠበቅ ብሎም ይቀመጣል። መካከሉ ግን ፖዘቲቭ ነው፤ ብዙ ጊዜም 12 ቮልት ነው። በቅርቡ አንድ ተማሪ ከዘመድ የተላከለትን አዲስ ፔዳል አምጥቶልኝ ስከፍተው፣ ከኃይል መግቢያው አጠገብ ያለችው የእህል ፍሬ የምታህል ጥቁር ዳዮድ ለሁለት ተሰንጥቃ፣ ከሥሯ ያለው አረንጓዴ ሰሌዳ ጠቁሮ አገኘሁት። ደግነቱ ያች ዳዮድ የተገጠመችው ኃይሉ በተገላቢጦሽ ሲገባ ሌላውን ክፍል ልትከላከል ነውና፣ ሌላው አልተነካም፤ ዳዮዷን ብቻ ቀይሬ ሰጠሁት። እንዲህ ዓይነት ዳዮድ የሌለው ፔዳል ቢሆን ኖሮ ቺፑ ራሱ አብሮ በሄደ ነበር። አዳፕተር የሚገዛ ሰው ላዩ ላይ የታተመውን ትንሽ ሥዕል ይመልከት፤ ሥዕሉ ከሌለ በቴስተር ያስለካ፤ ማንኛውም ጠጋኝ ከደቂቃ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። በፓወር ባንክ ላይ የሚሰካው 5 ቮልቱን ወደ 9 የሚያሳድገው ኬብል መብራት በጠፋ ጊዜ ይጠቅማል፤ እሱም የተሠራው ለራውተር ስለሆነ የመሰኪያው አቅጣጫ አስቀድሞ ካልተገለበጠ ያው አደጋ ይገጥማል። ባለ 9 ቮልቱ አራት ማዕዘን ባትሪ ለአናሎጎቹ ይበቃል፣ ዲጂታሎቹ ግን ቶሎ ይጨርሱታል።

በከተማችን ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ወይም ወደ ሌላ ሄዶ ያገለገለ ፔዳል የሚገዛ ሰው የራሱን ጊታርና ኬብል ይዞ ቢሄድ መልካም ነው። ሻጩ በራሱ ጊታር ሲያሰማ የሚወጣው ድምፅ የፔዳሉ ይሁን የጊታሩ ለመለየት ያስቸግራል። ጊዜውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዙሮ ማሚቶው ከዋናው ድምፅ ጋር ሊጣበቅ መቃረቡን ይስማ፤ አጭሩ መዘግየት ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ የሆነ ፔዳል ካጋጠመ ይተወው። ከዚያ ቀስ እያለ ይጨምር፣ በየመሐሉ አንድ ክር ብቻ በደንብ እየመታ። ማዞሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ገብቶበታል፤ ይህ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስም ምክንያት ይሆናል። ጃኩ (የኬብሉ መሰኪያ) ሲነቀነቅ ድምፅ የሚቆራርጥ ከሆነም ይጠገናል። ምንም ሳይጫወቱ በአጭሩ መዘግየት ላይ እሽ የሚል ድምፅ ጎልቶ ከተሰማ ግን ችግሩ ከቺፑ ወይም ከኃይሉ ስለሚሆን፣ በባትሪ ወይም በሌላ አዳፕተር ሳይፈተን ገንዘብ አይከፈልም። ፔዳሉ ጠፍቶ ጊታሩ በቀጥታ ሲያልፍ ድምፁ እንዳይደክምም ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ይህን ማንም አይፈትንም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው ግን እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጉዳዩ ብዙም አያርቀኝም። ዓሊ ቢራ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር በጀመረባት በዚች ከተማ ጊታር የሚማር ልጅ ሮካቢሊ ብቻ እየተጫወተ አያድርም፤ የሰርግ ሥራ አለው፣ ችክችካም ይጠበቅበታል። ያው ርካሽ ፔዳል እዚያም ይሠራል። በደቂቃ 130 በሚመታ ችክችካ ላይ አንዱ ምት ለሦስት ሲከፈል 154 ሚሊሰከንድ ስለሚሆን፣ ለሮካቢሊ ከተቀመጠበት ማዞሪያውን በጣም ጥቂት ወደ ቀኝ ማለት ይበቃል፤ ማሚቶዋም ከምቱ ጋር አብራ ትሄዳለች። አንዳንድ አንጋፋዎች ችክችካ ላይ ዲሌይ አይወዱም፤ መብታቸው ነው፣ እኔ ግን ለሁለት ሰው ባንድ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው በቀጣዩ እትም፣ ለሮካቢሊ የሚያስፈልገው መዘግየት አንድ ሰከንድ ተብሎ የወጣው ከ80 እስከ 140 ሚሊሰከንድ ተብሎ እንዲታረም፣ የቴፕ ኢኮ ማስመጣትም ለጀማሪ የሚመከር እንዳልሆነ እንዲገለጽ ነው። ደብዳቤዬ ረዝሞ ቦታ ቢጠብባችሁ የፔዳሎቹን ስምና የታሪኩን ክፍል ቆርጣችሁ ማውጣት ትችላላችሁ፤ የአዳፕተሩን አንቀጽ ግን እባካችሁ አትንኩብኝ።

ከአክብሮት ጋር
የድምፅ መሣሪያ ጠጋኝ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ